ቫይታሚን ሲ የገመደውን ሌዘር ሲያነበው

«ኮላጅን ይገነባል» የሚለው ቃል ዛሬ ከፊት ሴረም ጠርሙስ፣ ከኮላጅን ዱቄት ማሸጊያ፣ ቫይታሚን ሲ በደም ሥር ከሚሰጡ የውበት ቤቶች ማስታወቂያም አይጠፋም። ቃሉ ከመሠረቱ ሐሰት አይደለም። ያለ ቫይታሚን ሲ ደህና ኮላጅን የሚሠራ የሰው ሕዋስ የለም። ስሕተቱ የሚጀምረው «ያጣ ሰው ይጎዳል» ከሚለው እውነት ተነሥተን «የጨመረ ሰው ይታደሳል» ወደሚለው ስንሻገር ነው። የመጀመሪያው ከ200 ዓመት በላይ ሲፈተን የኖረ ነው። ሁለተኛው ግን በእያንዳንዱ ምርት፣ በእያንዳንዱ መጠን ለየብቻ መመርመር አለበት።

መመርመሪያው አለ። ቆዳ ሳይቆረጥ፣ ቀለም ሳይነከር፣ ኮላጅኑን በሌዘር ብርሃን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ በምርምር ቤቶች መሥራት ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ምስሉ በጥቁር መደብ ላይ እንደተዘረጋ የጥጥ ፈትል ያማረ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያጣራ ያምነዋል፤ ደምቆ ከታየ ኮላጅን ጨመረ፣ ከደበዘዘ ቀነሰ ብሎ ይደመድማል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጥናትና ብዙ ማስታወቂያ የሚሳሳተው። ምስሉን በትክክል ለማንበብ ቫይታሚን ሲ በሕዋሱ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ከሥሩ መያዝ ያስፈልጋል፤ ብርሃኑ የሚያነበው የዚያኑ ሥራ ውጤት ነውና።

ገመዱ እንዴት ይገመዳል

ከሰውነታችን ፕሮቲን ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ኮላጅን ነው። ጅማት፣ አጥንት፣ ድድ፣ የደም ሥር ግድግዳና የቆዳ ውስጠኛው ንብርብር የሚቆሙት በእሱ ነው። እስካሁን 28 ዓይነት ተለይቷል፤ በቆዳ፣ በጅማትና በአጥንት የሚበዛው ዓይነት 1 ነው። አንዱ ሞለኪውል ሦስት ሰንሰለቶች እርስ በርስ የተገመዱበት ገመድ ነው፤ ርዝመቱ 300 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው)፣ ውፍረቱ 1.5 ናኖሜትር ያህል። እያንዳንዱ ሰንሰለት ወደ 1,000 ገደማ አሚኖ አሲዶች ሲኖሩት በየሦስተኛው ቦታ ግላይሲን ይቀመጣል። ሦስቱ ሰንሰለቶች በሚገናኙበት መሐል ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሹ ከሆነው ከግላይሲን በቀር ሌላ አይገባም። በዘር ለውጥ ምክንያት አንዲት ግላይሲን በሌላ ስትተካ እንኳ አጥንት በቀላሉ የሚሰበርበት ሕመም ሊመጣ ይችላል።

ከግላይሲን ሌላ በብዛት የሚደጋገመው ፕሮሊን ነው፤ ቫይታሚን ሲ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ሰንሰለቱ ገና በሕዋሱ ውስጥ ሳለ፣ ከመገመዱ በፊት፣ ፕሮሊል ሃይድሮክሲሌዝ የሚባል ኢንዛይም በተወሰኑ ፕሮሊኖች ላይ አንድ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ይተክላል። ፕሮሊኑ ሃይድሮክሲፕሮሊን ይሆናል። የእሱ ዘመድ የሆነ ሌላ ኢንዛይም ደግሞ በላይሲን ላይ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ኢንዛይሙ ኦክስጅን፣ አልፋ ኬቶግሉታሬት የሚባል ውሑድ፣ በመሐሉ የተቀመጠ አንድ የብረት አቶም እና ቫይታሚን ሲ ይፈልጋል። ብረቱ ሁለት ኤሌክትሮን ጎድሎት ሳለ ይሠራል። አንዳንድ ጊዜ ግን ኢንዛይሙ ፕሮሊን ሳይዝ ባዶውን ይሠራና ሌላ ኤሌክትሮን ያጣል፤ ያኔ ብረቱ እንደ መዛግ ይላል፣ ሥራውም ይቆማል። ቫይታሚን ሲ ከራሱ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ብረቱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ በዚህም ራሱ ይፈጃል።

የቫይታሚን ሲ ድርሻ የሞረድ ድርሻ ነው ማለት ይቻላል። ሞረድ የሌለበት ቤት ቢላዋው ይደነዝዛል። አሥር ሞረድ ያለበት ቤት ግን አሥር እጥፍ ሥጋ አይከትፍም።

ይህች አንዲት ኬሚካዊ ጭማሪ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት በሙቀት ይለካል። ሃይድሮክሲፕሮሊን በበቂ ሁኔታ ያለው የኮላጅን ገመድ እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሳይፈታ ይቆያል። ያ ጭማሪ የሌለው ገመድ በ24 ዲግሪ ገደማ ይፈታል። የሰውነታችን ሙቀት 37 ነው። እንግዲህ ቫይታሚን ሲ ያጣ ሕዋስ ሰንሰለቱን ቢሠራም ገመዱ በራሱ በሰውነቱ ሙቀት ይተረተራል፤ ሕዋሱም አብዛኛውን ወደ ውጭ ሳያወጣ እዚያው ያፈርሰዋል።

ገመድ ሲፈታ ምን እንደሚሆን ወጥ ቤት የገባ ሁሉ ያውቃል። አጥንትና ጅማት ለሰዓታት ተቀቅሎ የወጣ መረቅ ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ ይረጋል። ያ የረጋው ነገር ጄላቲን ነው፤ ማለትም ሦስቱ ፈትል የተለያየበት ኮላጅን። ፕሮቲኑ አልጠፋም፤ ግምዱ ነው የጠፋው። ይህን ልዩነት እንያዘው፣ ወደ ሌዘሩ ስንመጣ ዋናው ጉዳይ እሱ ይሆናል።

ደህና የተገመደው ሞለኪውል ከሕዋሱ ወጥቶ ጫፎቹ ይከረከማሉ። ከዚያ ከጎረቤቶቹ ጋር በየ67 ናኖሜትሩ እየተዛነቀ ይደረደርና ክር ይሆናል። በመጨረሻም መዳብ የሚያስፈልገው ላይሲል ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ክሮቹን እርስ በርስ ያስራቸዋል።

ስለ ኮላጅን ዱቄት አንድ ነገር እዚህ ላይ መባል አለበት። ሃይድሮክሲፕሮሊን በዘረ መል ፊደል ውስጥ ኮድ የለውም፤ ሁልጊዜ የሚሠራው ሰንሰለቱ ከተጻፈ በኋላ ፕሮሊን ላይ በመትከል ነው። ስለዚህ ከዱቄቱ ጋር የተዋጠ ሃይድሮክሲፕሮሊን እንደ ተዘጋጀ ጡብ ተነሥቶ አዲስ ኮላጅን ውስጥ አይገባም። የተዋጠው ኮላጅን በሆድ ውስጥ ይፈጫል፤ ጥቂት ትንንሽ ቁርጥራጮች ደም ውስጥ ይገኛሉ፤ ቆዳ ውስጥ የሚገመደው ግን እያንዳንዱ ገመድ እንደ አዲስ፣ በዚያው ኢንዛይምና በዚያው ብረት ነው።

ሲጠፋ፣ ሲበቃና ሲበዛ

አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ቫይታሚን ሲን ከስኳር ራሳቸው ይሠራሉ። የሰው ልጅ፣ ዝንጀሮና ጊኒ ፒግ የመጨረሻውን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረ መል ተበላሽቶባቸዋል። ጄምስ ሊንድ የተባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1747 ስከርቪ፣ ማለትም በቫይታሚን ሲ እጦት የሚመጣው በሽታ፣ የያዛቸውን 12 መርከበኞች ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ከፍሎ ሲፈትን ፈጥነው የዳኑት ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ነበሩ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ከ1740 እስከ 1744 በጆርጅ አንሰን አዛዥነት ዓለምን የዞሩ መርከበኞች ላይ የታየው ነገር ግን የኮላጅንን ጠባይ ከሁሉ በላይ ያስረዳል፦ ከብዙ ዓመታት በፊት የዳነ የጦር ቁስል እንደ አዲስ ተከፈተ። ጠባሳ የቆመ ግድግዳ አይደለም። ኮላጅኑ ከጤናማ ቆዳ ይልቅ ፈጥኖ ይፈርሳል፣ ፈጥኖ ይተካል። መተኪያው ሲቆም የሚቀረው መፍረሱ ብቻ ነው።

ጆን ክራንደን የተባለ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1939 ይህን በራሱ ገላ ላይ ፈተነው። ቫይታሚን ሲ ፈጽሞ የሌለበት ምግብ እየበላ ቆየ። በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ያለው መጠን በ6 ሳምንት ገደማ ወደ ዜሮ ወረደ። በ3 ወር ጀርባው ላይ የተቆረጠው ቁስል ግን ደህና ዳነ። በ6 ወር የተቆረጠው አልዳነም፤ ላይኛው ቆዳ ገጥሞ ከሥሩ ክፍት ነበር። በቀን 1 ግራም በደም ሥር ሲሰጠው ከ10 ቀን በኋላ የተወሰደው ናሙና መዳኑን አሳየ። ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው፦ የደም ምርመራ ከሕብረ ሕዋሱ በወራት ይቀድማል፤ ሰውነት ክምችት አለው፤ ሲመለስለት ደግሞ ኮላጅን ሥራውን የሚቀጥለው በቀናት ውስጥ ነው።

ክምችቱ በጤናማ ሰው 1,500 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ከ300 እስከ 350 በታች ሲወርድ የስከርቪ ምልክቶች ይጀምራሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በእንግሊዝ ሸፊልድ ከተማ በበጎ ፈቃደኞች ላይ በተደረገ ጥናት በቀን 10 ሚሊ ግራም ብቻ ስከርቪን ለመከላከልም ለማዳንም በቃ። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ለአዋቂ የሚመክሩት 45 ሚሊ ግራም ነው፤ አሜሪካ ለወንድ 90፣ ለሴት 75 ትላለች፣ ለሚያጨስ ሰው 35 ትጨምራለች። በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም ሲወሰድ ደሙ ይሞላል። ከዚያ በላይ አንጀት የሚቀበለው ድርሻ ይቀንሳል፤ ከ1 ግራም በላይ ሲሆን ግማሹ እንኳ አይገባም፣ የገባውንም ኩላሊት ያወጣዋል። ከ2 ግራም በላይ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ለኩላሊት ጠጠር የተጋለጠ ሰውም ይጠንቀቅ።

በደም ሥር ሲሰጥ የአንጀት በር ስለሚታለፍ ጉዳዩ ሌላ ነው። ቀይ የደም ሕዋሳትን ከጉዳት የሚጠብቀው የጂ6ፒዲ ኢንዛይም ጉድለት ባለበት ሰው ከፍተኛ መጠን ቀይ የደም ሕዋሳትን ሊያፈርስ ይችላል፤ ኩላሊት ቫይታሚኑ ሲፈርስ በሚወጣው የኦክሳሌት ክምችት ሊጎዳ ይችላል፤ አንዳንድ የጣት የስኳር መለኪያዎችም ከእውነተኛው በላይ ያነባሉ፣ ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ይህ አደጋ ነው። የውበት ቤት ውስጥ መርፌ ከመውሰድ በፊት ስለ እነዚህ የማይጠይቅ ባለሙያ ክንድ ሊሰጠው አይገባም።

በእኛ ገበታ ላይ መጠኑን መሙላት ከባድ አይደለም። ጥሬ አረንጓዴ ቃሪያ በ100 ግራም 240 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል፣ ዘይቱን (ጓቫ) ወደ 230፣ ፓፓያ 60፣ ብርቱካን 53፣ ማንጎ 36፣ ቲማቲም 14። በዚህ ስሌት 20 ግራም የምትመዝን አንዲት ቃሪያ 48 ሚሊ ግራም ገደማ ይዛለች፤ የዓለም ጤና ድርጅትን የቀን መጠን ለብቻዋ ታልፋለች። ነገር ግን ጥሬዋን ነው። ቫይታሚን ሲ ሙቀት፣ አየርና መዳብ ይበላዋል፤ በውኃም ይሟሟል። በፀሐይ ደርቆ በርበሬ የሆነው አብዛኛውን አጥቷል። ጎመን ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ ቫይታሚኑም አብሮ ይደፋል፤ በጥቂት ውኃ፣ ተከድኖ፣ ለአጭር ጊዜ ቢበስል ብዙው ይተርፋል። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ዘይትና ስንዴ ከዜሮ የሚቆጠር ነው የሚሰጡት። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሶማሊያና በሱዳን በነበሩ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ካምፖች ስከርቪ በወረርሽኝ መልክ የታየው፤ ርዳታው እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነበር። በኬንያ ካኩማ ካምፕም እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በደቡብ ሱዳናውያን ወጣት ወንዶች ላይ ተመልሶ ታይቷል። የባትና የጉልበት ሕመም፣ የእግር እብጠት፣ የሚደማ ድድ ይዞ የመጣን ወጣት ሪህ ነው ብሎ ከመመለስ በፊት ባለፉት ሦስት ወራት ምን እንደበላ መጠየቅ ነው፤ ስከርቪ ከሆነ በቀን ከ300 ሚሊ ግራም እስከ 1 ግራም ሲሰጥ ሕመሙ በጥቂት ቀናት ይቀልላል።

ሌዘሩ የሚያነበው

በ1961 ፒተር ፍራንከንና ባልደረቦቹ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቀይ የሩቢ ሌዘር በኳርትዝ ክሪስታል ውስጥ አሳለፉ። የገባው የሞገድ ርዝመቱ 694 ናኖሜትር ነበር፤ ከወጣው ውስጥ እጅግ ጥቂቱ 347 ሆኖ ተገኘ፣ ልክ ግማሹ። ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች ተደምረው አንድ ሆነው ነበር። ማስረጃው በፎቶ ላይ የምትታይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ነበረች፤ ጽሑፉ ሲታተም ግን የኅትመት ቤቱ ሰዎች ጉድፍ መስላቸው ከፎቶው ላይ አጠፏት።

ሁለተኛ ሃርሞኒክ የሚባለው ይህ ክስተት በማንኛውም ነገር ውስጥ አይታይም። ሞለኪውሎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበለ አደራደር ሊኖራቸው ይገባል፤ ፊትና ኋላው እኩል የሆነ ነገር ምልክቱን፣ ማለትም ግማሽ ሞገድ ያለውን ብርሃን፣ ራሱ ያጠፋዋል። ከሕብረ ሕዋሳት መካከል ደህና ተገምዶ በክር የተደረደረ ኮላጅን ይህን መስፈርት በጉልህ ያሟላል። የጡንቻ ማዮሲንና በሕዋስ ውስጥ ያሉ ማይክሮቱቡል የሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎችም ይሰጣሉ። አይዛክ ፍሮይንድና ባልደረቦቹ በእስራኤል ባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ በ1986 የአይጥ ጭራ ጅማትን በዚህ መንገድ በማይክሮስኮፕ ቃኝተው አሳይተዋል።

መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የታይታኒየም ሳፋየር ሌዘር ነው። ብርሃኑን በሴኮንድ 80 ሚሊዮን ጊዜ ይረጨዋል፤ እያንዳንዱ ርጭት የሚቆየው 100 ፌምቶሴኮንድ ያህል ነው (ፌምቶሴኮንድ የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ ክፍል ነው)። ብርሃኑ በዚህ መጠን ስለሚታመቅ ሁለት ቅንጣቶች በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ የመገናኘት ዕድል ያገኛሉ፤ አማካይ ጉልበቱ ግን ከጥቂት አሥር ሚሊ ዋት ስለማያልፍ ሕብረ ሕዋሱ አይቃጠልም። 800 ናኖሜትር ሲገባ ከኮላጅኑ 400 ይወጣል። ሌሎች የቆዳ አካላት፣ በተለይ ቆዳን የሚለጠጥ የሚያደርገው ፕሮቲን ኢላስቲን፣ በዚያው ሌዘር ተነሣሥተው የሚያበሩት ከዚያ ረዘም ባለ ሞገድ ስለሆነ በማጣሪያ ይለያሉ። አንድ ማይክሮስኮፕ በአንድ ጊዜ የኮላጅንንም የኢላስቲንንም ምስል የሚሰጠው በዚህ ነው። በፀሐይ የተጎዳ የነጭ ቆዳ ላይ የመጀመሪያው ሲያንስ ሁለተኛው ይጨምራል፤ ተመራማሪዎች የሁለቱን ልዩነት ለሁለቱ ድምር አካፍለው የቆዳ እርጅና መለኪያ ቁጥር ያወጣሉ።

ወደ መረቁ እንመለስ። የተቀቀለ ኮላጅን፣ ጄላቲኑ፣ በዚህ ሌዘር ሲታይ ጨለማ ነው። አሚኖ አሲዶቹ ሁሉ አሉ፤ ግምዱና ድርድሩ ስለሌለ ምልክት የለም። ቫይታሚን ሲ ያጣ ሕዋስ የሚሠራውም እንዲሁ ለሌዘሩ አይታይም። ሌዘሩ ቫይታሚን ሲን ራሱን አያይም፣ ሃይድሮክሲፕሮሊንንም አይቆጥርም፤ የሚያየው ሥራው ተጠናቆ የተደረደረውን ክር ነው። በሽፋን መልክ እንጂ በክር የማይደረደረው ዓይነት 4 ኮላጅን፣ ምንም ጤናማ ቢሆን፣ በዚህ መንገድ አይታይም።

ምስሉ የሚያሳስትባቸው ቦታዎች

ትልቁ ወጥመድ የካሬ ሕግ ነው። ምልክቱ ከሌዘሩ ጉልበት ጋር በካሬ ይሄዳል፤ የሌዘሩ ጉልበት በ10 በመቶ ቢቀንስ ምስሉ በ19 በመቶ ይደበዝዛል። ጠዋት «ሴረም የተቀባ» ናሙና፣ ከሰዓት በኋላ «ያልተቀባ» ናሙና የሚያነሣ ሰው የሌዘሩን መሞቅና መቀዝቀዝ ኮላጅን ብሎ ሊዘግብ ይችላል። ስለዚህ ጉልበቱ ከሌንሱ በታች በመለኪያ ይነበባል፣ የመቀበያው ትብነት ይቆለፋል፣ ናሙናዎቹም ተደበላልቀው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አንሺው ሳያውቅ ይነሣሉ። በየቀኑ መጀመሪያ አንድ የማይለወጥ ማጣቀሻ መነሣት አለበት። ርካሹ ማጣቀሻ የድንች ስታርች ነው፤ ቅንጣቶቹ ይህን ምልክት በኃይል ይሰጣሉ፣ በመስታወት ላይ ተለጥፈው ለወራት ይቆያሉ።

ምልክቱ በተደረደሩ ሞለኪውሎች ብዛትም በካሬ ያድጋል። ወደ አንድ አቅጣጫ የተደረደረው እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሁለት ክሮች ፊትና ኋላ ተቃራኒ ሆነው ቢጎራበቱ ደግሞ ይሻሻራሉ። ስለዚህ የኮላጅኑ መጠን ምንም ሳይጨምር ድርድሩ ስለተስተካከለ ብቻ ምስሉ ሊደምቅ ይችላል። ነጠላ ክር ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 ናኖሜትር አይበልጥም፤ የማይክሮስኮፑ የመለየት አቅም 300 ናኖሜትርና ከዚያ በላይ ስለሆነ ክሮቹን መቁጠር አይቻልም።

የብርሃኑ አቅጣጫም ያታልላል። በመስመር የተቀነበበ ብርሃን፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚወዛወዝ፣ ከእሱ ጋር የሚሄዱትን ክሮች አድምቆ በመስቀል የተኙትን ያደበዝዛል። መፍትሔው ከሌንሱ በፊት ሩብ ሞገድ ሳህን የሚባል ስስ ክሪስታል አስገብቶ የብርሃኑን ውዝዋዜ ክብ ማድረግ ነው። ምልክቱ እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ፦ ማጣሪያውን 400 ላይ ትቶ ሌዘሩን ወደ 760 መለወጥ፣ እና የሌዘሩን ርጭት አስቁሞ ያንኑ ጉልበት በተከታታይ ብርሃን መስጠት። በሁለቱም ምስሉ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ የሚታየው ኮላጅን አይደለም።

ሕዋስ በሳህን ላይ አሳድጎ ቫይታሚን ሲን የሚፈትን ሰው ሌላ ችግር ይጠብቀዋል። ዲኤምኢኤም የተባለው የተለመደ የሕዋስ ምግብ ቫይታሚን ሲ የለበትም፤ አልፋ ኤምኢኤም ግን በሊትር 50 ሚሊ ግራም አለበት። የሁለት ቤተ ሙከራ ውጤት ሳይገናኝ ሲቀር አንዳንዴ ምክንያቱ ይኸው ነው። ተራ አስኮርቢክ አሲድ፣ ማለትም ቫይታሚን ሲ ራሱ፣ በ37 ዲግሪ በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል፤ ብረትና መዳብ ካሉ ደግሞ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ እያመነጨ ሕዋሱን ይገድላል። ስለዚህ ለቀናት የሚቆየው አስኮርቤት 2 ፎስፌት ይመረጣል፤ ምግቡ በተቀየረ ቁጥርም አዲስ ይጨመራል። ክር ሠርቶ ለሌዘር እስኪበቃ ሳምንታት ይፈጃል። በ3 ቀን ጨለማ ምስል አይቶ «አልሠራም» የሚል ሰው ቸኩሏል።

እንስሳ ላይ ሲሆን አይጥ ቫይታሚን ሲን በጉበቷ ስለምትሠራ ለዚህ ጥያቄ አትሆንም፤ ዘረ መሏ ካልተሰናከለ በቀር። ጊኒ ፒግ ትሆናለች። ግን ስከርቪ የያዛት ጊኒ ፒግ መብላት ታቆማለች፤ ረሃብ ብቻውን፣ ቫይታሚን ሲ እየተሰጠም ቢሆን፣ የኮላጅን ሥራን ይቀንሳል። ያንኑ ያህል ምግብ ብቻ የተሰጣት፣ ቫይታሚን ግን ያላት ማነጻጸሪያ ከሌለች ጉዳቱን ሁሉ በቫይታሚን ማመካኘት ስሕተት ነው።

ለዚህ ሁሉ ሚዛን የሚሆነው የድሮው የሃይድሮክሲፕሮሊን ምርመራ ነው። የናሙናው ግማሽ በ6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ110 ዲግሪ፣ ሌሊቱን ይቀቀላል፤ ክሎራሚን ቲ በሚባል ኬሚካል ኦክሳይድ ይደረጋል፤ የኤርሊሽ መርማሪ በሚባል ሌላ ኬሚካል ቀይ ሆኖ በ560 ናኖሜትር አካባቢ ይነበባል። የተገኘው ቁጥር በ7.5 ገደማ ሲባዛ የኮላጅኑን ክብደት ይገምታል። ይህ መጠኑን ይናገራል፣ ሌዘሩ አደራደሩን። ሁለቱ ሲስማሙ ማመን ይቻላል፤ ሌዘሩ ደምቆ ሃይድሮክሲፕሮሊኑ ባለበት ከቆመ የተለወጠው አሰላለፉ ነው።

ሌዘር ለሌለው ቤተ ሙከራ

የፌምቶሴኮንድ ሌዘር ውድ ነው። ተራ የፓቶሎጂ ማይክሮስኮፕና ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት የፖላራይዘር ሉሆች ያሉት ሐኪም ግን የኮላጅንን አደራደር ማየት ይችላል። ሲሪየስ ቀይ የተባለው ቀለም በ0.1 በመቶ በፒክሪክ አሲድ ሙሌት ውስጥ ይዘጋጃል፤ ከፓራፊን የጸዳው ቁራጭ ለ1 ሰዓት ይነከራል፤ 0.5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ባለው ውኃ ሁለት ጊዜ ይታጠባል፤ በአልኮል ይደርቃል፣ ይሸፈናል። በተራ ውኃ ማጠብ ቀለሙን ያስለቅቀዋል። ሁለቱ ሉሆች በመስቀል ሲቀመጡ ኮላጅኑ በጥቁር መደብ ላይ ያበራል። ብዙዎች ቀዩን ዓይነት 1፣ አረንጓዴውን ዓይነት 3 እያሉ ይጽፋሉ፤ ቀለሙ ግን በዋናነት የሚናገረው የክሩን ውፍረትና ጥቅጥቅነት፣ የቁራጩንም ውፍረት ነው። ሁሉም ቁራጮች በእኩል ውፍረት ካልተቆረጡ ቀለም ማወዳደር ትርጉም የለውም። ፒክሪክ አሲድ ከደረቀ ይፈነዳል፤ ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ይቀመጥ፣ የክዳኑ ጥርስ ላይ የደረቀ ዱቄት ካለም አይከፈት። ምስሉን ለመለካት ኢሜጅጄ የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል።

ስለ ሴረሙ፣ ስለ ጥቁር ቆዳም

ንጹሕ አስኮርቢክ አሲድ በቆዳ ውስጥ የሚገባው የሴረሙ ፒኤች (የአሲድነት ልኬት) ከ3.5 በታች፣ መጠኑም ከ10 እስከ 20 በመቶ ሲሆን ነው፤ ከ20 በላይ መጨመር አይጠቅምም። ወደ ቡናማ የተለወጠ ሴረም ቫይታሚኑ አልቋል። በፀሐይ በተጎዳ ፊት ላይ መጠነኛ መሻሻል ያሳዩ አነስተኛ ጥናቶች አሉ፤ ከፀሐይ መከላከያ ጋር ሲሆን የጨረር ጉዳትንም ይቀንሳል። «በ4 ሳምንት አዲስ ኮላጅን» የሚለው ግን ከቁጥር ጋር አይስማማም። የቆዳ ኮላጅን ግማሹ የሚተካው በ15 ዓመት ገደማ ነው፤ በዚህ ፍጥነት በ4 ሳምንት የሚለወጠው ከግማሽ በመቶ በታች ነው። ምግቡ የተሟላ ሰው ቆዳ ውስጥ ኢንዛይሙ ሞረድ አላጣም።

ማስታወቂያው የሌዘር ምስል ይዞ ቢመጣ የሚጠየቁት ነገሮች ግልጽ ናቸው። ማነጻጸሪያው ያው ሴረም ያለ ቫይታሚን ሲ ነበር ወይ? የሴረም ውኃና ግሊሰሪን ብቻቸውን ብርሃን በቆዳ ውስጥ የሚበተንበትን መንገድ ይለውጣሉና። ከስንት ቦታ ተነሣ? የአንዱ ምስል ስፋት ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ ያንኑ ቦታ ከወር በኋላ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። ስንት ጥልቀት? በሕያው ሰው ላይ ሌዘሩ ከ200 ማይክሮሜትር ብዙ አያልፍም፤ የቆዳው ኮላጅን ያለበት ንብርብር ግን ሚሊ ሜትር ይወፍራል።

ለእኛ የሚጨመር አንድ ጥያቄ አለ። ተፈታኞቹ የምን ቆዳ ነበራቸው? ሜላኒን፣ ለቆዳ ጥቁረቱን የሚሰጠው ቀለም፣ የሚገባውን ብርሃን በከፊል፣ የሚወጣውን 400 ናኖሜትር ደግሞ ከዚያ እጅግ በበለጠ ይውጣል፤ ራሱም በሌዘሩ ተነሣሥቶ ያበራል። በጥቁር ቆዳ ላይ የኮላጅኑ ምስል ደብዝዞ፣ በኢላስቲን በኩል የሚነበበው ደምቆ ቢታይ መለኪያ ቁጥሩ ያለአግባብ «ያረጀ ቆዳ» ሊል ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ኮላጅን ግን ሜላኒኑ ከፀሐይ ስለጠበቀው ይበልጥ ደህና ሊሆን ይችላል። በጣት ላይ የሚገባው የኦክስጅን መለኪያ ያስተማረን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ በወጣ ጥናት መሣሪያው የኦክስጅን ማነስን ሳያሳይ የሚያልፈው በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ በሚበልጥ ድግግሞሽ ነበር። በሌዘር ማይክሮስኮፕም ከነጭ ቆዳ የወጣን ቁጥር ለአዲስ አበባ ወይም ለጎንደር ሰው መዋስ አይቻልም። ጥቁር ቆዳ ላይ ሲሠራ ሌዘሩ ከዝቅተኛ ጉልበት ይጀመር፤ ሜላኒን የሚበዛበት ንብርብር ላይ ሙቀቱ ስለሚከማች። ማነጻጸሪያውም ከሌላ ሰው ሳይሆን ከዚያው ሰው ይወሰድ፦ ፀሐይ የማያየው የክንድ ውስጠኛ ክፍል፣ በአንዱ ክንድ ሴረሙ፣ በሌላው ያለ ቫይታሚን የተዘጋጀው፣ በተመሳሳይ ቀን፣ ከተመሳሳይ ጥልቀት።